እትዬ ማዞሪያ ያላጠፋችው ፖስት

እትዬ ማዞሪያን የማያውቅ ሰው «አደባባይ» ውስጥ የለም። ካለም ገና ትናንት የገባ ነው፤ አንዴ ሰው ይሳደብና ያውቃታል።

«አደባባይ» የስልክ ላይ ግሩፕ ነው። ዜና፣ ፖለቲካ፣ ቴክኖሎጂና ጌም የሚባሉ አራት ክፍሎች አሉት። በዜናው ክፍል ሰው ይደነግጣል፣ በፖለቲካው ክፍል በዚያው ድንጋጤ ይጣላል፣ በቴክኖሎጂው ክፍል የማይገዛውን ስልክ ሲያማርጥ ይውላል፣ በጌሙ ክፍል ደግሞ ማን ማንን ገደለ እየተባባለ ይሳሳቃል። አባላቱ አንድ ደህና ከተማ ይሞላሉ ብል አላጋነንኩም። ታዲያ ይህን ሁሉ ሕዝብ ሳይደባደብ የሚያውለው ማን ነው? አንዲት ጡረታ የወጣች የሆስፒታል ስልክ ኦፕሬተር! ወይ ጉድ ማለት ይሄኔ ነው።

ማዞሪያ የተባለችውም ለዚሁ ነው። ዕድሜዋን ሙሉ በአንድ ትልቅ ሆስፒታል ምድር ቤት፣ መስኮት በሌላት ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ ማዳመጫ ጆሮዋ ላይ አድርጋ «ማን ልበል?» ስትል ኖራለች። የሚያለቅስ ደውሏል፣ የሚሳደብ ደውሏል፣ ሚስቱ ትውለድ አትውለድ ለመጠየቅ አፉ የተሳሰረበት ደውሏል። ሁሉንም በየመስመሩ ሰድዳለች። ያቺ ክፍል አንድ ጥብቅ ሕግ ነበራት፤ የኦፕሬተር ቤተሰብ ሲደውል መስመሩን የምትይዘው አጠገቧ የተቀመጠችው ናት። ለምን ቢባል፣ ሰው ለራሱ ወገን ሲሆን እጁ ይፈጥናል፣ ሌላው ወረፋ ጠባቂ ይረሳል። እናቷ ታማ የተኛች ጊዜ እንኳ ዶክተሩን ፈልጋ ያገናኘቻት ጎረቤቷ ኦፕሬተር ነበረች። እሷ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ጠበቀች። ይህን ስታወራ ዛሬም አንገቷ ቀና ይላል።

ጡረታ ስትወጣ ቤቱ ጭር አለባት። ድምፅ የለመደ ጆሮ ዝም ሲሉት ያመዋል። «አደባባይ» የገባችው እንደው ለጊዜ ማሳለፊያ፣ ወሬ ለመስማት ነበር። ገብታ ያየችው ግን አናደዳት። አድሚን ተብዬዎቹ ያልወደዱትን ኮመንት ያጠፋሉ፣ የጓደኛቸውን ስድብ እንዳላየ ያልፋሉ፣ ያኮረፉትን ብሎክ ያደርጋሉ። «እንዴ! ይሄ ነው እንዴ አስተዳደር?» ብላ ጻፈች። እነሱ ብሎክ አደረጓት። በሌላ ስልክ ተመልሳ ገብታ ያንኑ ጻፈች። የግሩፑ መሥራች ስልክ ጠጋኝ ነው፤ ከሥራው ብዛት ጭቅጭቁ አልቻል ብሎት ኖሮ «እንግዲያው አንቺው ያዢው!» ብሎ አስረከባት። እሱ በምሬት ነበር ያለው። እሷ ግን የምር ያዘችው።

ከዚያ ወዲህ በ«አደባባይ» ሐሳቡ ስለተጠላ ብቻ ኮመንት የሚጠፋበት ሰው የለም። ሰውን በሰውነቱ የሰደበ ግን ይጠፋበታል። ዜና ያመጣ ከየት እንዳመጣው ይጠየቃል፤ መልስ ከሌለው «አልተረጋገጠም» የሚል ቀይ ምልክት ይለጠፍበትና እዚያው ሁሉም እያየው ይጣራል። የራሱ ወገን ያለበትን ነገር ደግሞ አድሚን አይነካም፤ ለሌላው አድሚን ያስተላልፋል። ይህችን ከምድር ቤቷ ይዛት የመጣች መሆኗን መቼም አትጠይቁኝም።

ሌላው አድሚን ማን ነው? «አልስማማም» ነው። ኮመንቱን ሁሉ የሚጀምረው በዚህ ቃል ስለሆነ ሌላ ስም አላስፈለገውም። ራሷ ናት የመረጠችው። «ከእኔ ጋር በአንድም ነገር የማይስማማ ሰው ስጡኝ፤ እኔ ያላየሁትን የሚያይልኝ እሱ ነው» አለች። እሱስ ሲመረጥ ምን ቢል ጥሩ ነው? «በምርጫው አልስማማም፤ ሥራውን ግን እሠራለሁ።» በአካል ተያይተው አያውቁም። በፖለቲካ አይስማሙም፣ በዜና አይስማሙም፣ ስልክ ቻርጅ ላይ ተሰክቶ ይደር አይደር በሚለው እንኳ አንድ ሳምንት ተነታርከዋል። ከሁሉ የባሰው ግን የጌሙ ክፍል ነው። «ቁም ነገር በሚወራበት ቤት ጌም ምን ይሠራል? ጎልማሳ ሰው ያልተፈጠረ ጠላት ሲያሳድድ ይውላል። ይዘጋ!» ይላል በየጊዜው። እሷም «የጌሞቹ ልጆች ጠዋት ተጣልተው ከሰዓት አብረው ይጫወታሉ። እርስዎ እኔን ካኮረፉ ግን ዓመት አለፈዎት» ትለዋለች። ግሩፑ በሳቅ ይሞታል።

በዚህ ሁሉ ኩራቷ ላይ ቀዝቃዛ ውኃ የሚቸልስባት አንድ ሰው ነበር፤ ታናሽ ወንድሟ። እናታቸው ስታርፍ ልጅ ነበር፤ በማዞሪያ ደመወዝ አብልታ፣ አልብሳ፣ አስተምራ ለወግ ያበቃችው እሷ ናት። ዛሬ ከሆስፒታሉ ጀርባ በሩ አረንጓዴ የሆነ ዳቦ ቤት አለው። የግድግዳውን ሰማያዊ ሴራሚክ በገዛ እጁ ነው የለጠፈው፤ ምድጃውን ሲያሞቅ፣ ሊጡን ሲቆርጥ፣ ትሪውን ሲያወጣ ላየው ሰው ዳንስ ነው የሚመስለው። እሷም ሁለት ሰው ባገኘች ቁጥር «የወንድሜ ዳቦ» ሳትል አታልፍም። እሱ ግን የእሷን ሥራ ከሥራ አይቆጥረውም።

«እትዬ፣ ከማታውቂያቸው ሰዎች ጋር ስትነታረኪ ውለሽ ምን ታገኛለሽ?» ይላታል፣ ከኋላ በኩል ገብታ የዱቄት ጆንያ ላይ ቁጭ ብላ ስልኳን ስትነካካ ሲያያት።

«ሰው እንዳይዋሽ እጠብቃለሁ።»

«ማን ቀጠረሽ?»

ትስቃለች። ሳቋ ግን ከአንገት በላይ ነው። ያሳደገችው ልጅ ሥራዋን ሲንቅባት ሆድ አይብሳትም የሚል ካለ ሰው አላሳደገም።

እንግዲህ አንድ ጠዋት ልብስ አጥባ እያሰጣች ነበር። ስልኳ ኪስ ውስጥ አንዴ ጮኸ፣ ደገመ፣ ከዚያ አላቆም አለ። እጇን ጠራርጋ ከፈተችው። «ሰበር» ነው የለጠፈው። ሰበር የሚሉት የታክሲ ሹፌር ነው፤ ተሳፋሪ ሲጠብቅ ያገኘውን ሁሉ «ሰበር!» ብሎ ይለጥፋል። ክፉ ሰው አይደለም፣ ችኩል ነው። ፎቶው ከስልክ ስልክ ሲንከባለል መጥቶ የደበዘዘ ነው። ጨለም ያለ ዳቦ ቤት፣ ሰማያዊ ግድግዳ፣ የብረት መደርደሪያ፣ ጥግ ላይ ቢጫ አምፖል የመሰለ ነገር። ዱቄቱ ጆንያ ላይ ሁለት አይጦች፣ የተጋገረው ዳቦ ላይ ደግሞ አንድ ወፍራም አይጥ እንደ ባለቤት ተደላድሎ ተቀምጧል። ከሥሩ እንዲህ ይላል፦ «ሰበር! ከሆስፒታሉ ጀርባ አረንጓዴ በር ያለው ዳቦ ቤት ጉድ! ልጆቻችሁን ምን እያበላችሁ እንደሆነ እወቁ!»

ትከሻዋ ላይ ጣል ያደረገችው እርጥብ አንሶላ ተንሸራቶ መሬት ወደቀ። ይባስ ብሎ፣ ለአፍታ፣ «አይጥ ቢኖርስ?» የሚል ሐሳብ ሽው አለባት። ወዲያው በራሷ ተናደደች። ያ ልጅ እኮ ወለሉን በቀን ስንት ጊዜ እንደሚያጥብ ታውቃለች።

ኮመንቱ ይንጋጋል። «ወይኔ! ትናንት እዚያ ነው የገዛሁት!» «አስታወከኝ!» «ይታሸግ!» አድሚን ናት፤ አንድ ጊዜ ብትጫን ሁሉም ድራሹ ይጠፋል። እሷ ግን ቁጭ አለችና እንዲህ ብላ ጻፈች፦ «ይህ ዳቦ ቤት የወንድሜ ነው። ስለዚህ በዚህ ፖስት ላይ እኔ አድሚን አይደለሁም። ጉዳዩን የሚይዘው አልስማማም ነው።»

አቤት የመጣው መዓት! ለካ ሰው «ወንድሜ ነው» የሚለውን ብቻ ነው ያነበበው። «አያችሁ? እህቱም አልካደችም!» ብሎ አንዱ ጻፈ፤ ያችን ይዘው ሌላ ግሩፕ፣ ከሌላ ግሩፕ ሌላ ግሩፕ እያሉ አዳረሱት።

እሷ ነጠላ ጫማዋን እንኳ ሳትቀይር ወደ ዳቦ ቤቱ ሮጠች። ሌላ ጊዜ በዚያ ሰዓት መደርደሪያው ባዶ ነው፤ ያን ቀን ዳቦው እንደተደረደረ ቀዝቅዞ ቁጭ ብሏል። የወንድሟ ሚስት ጥግ ላይ በሽርጧ ፊቷን ሸፍና ታለቅሳለች። በየቀኑ ዳቦ የምትወስደው የመዋዕለ ሕፃናቱ ኃላፊ ደውላ «ለጊዜው ይቅርብን» ብላቸዋለች። ወንድሟ ክንዱ ላይ ያለው ሊጥ ደርቆ፣ ስልኩን ጨብጦ ቆሟል።

«እትዬ፣ አጥፊው» አላት። ሰላምታም የለ።

«አልችልም።»

«አትችይም? አንቺ አይደለሽ እንዴ የቤቱ አዛዥ?»

«ነኝ። ለዚያ ነው የማልችለው።»

«ጣትሽን አንዴ መጫን ነው እኮ! አንዴ!»

«እትዬ፣ እባክዎ» አለች ሚስቱ፣ ፊቷን ከሽርጡ አውጥታ። «ዳቦ ቤቱ ሊዘጋብን ነው።»

«ይጣራል። የሆነ ስሕተት ሳይኖር አይቀርም፤ ይጣራና...»

«እስኪጣራ ማን ይበላዋል ይሄን?» ብሎ አንዱን ትሪ ገፋው። ዳቦው ወለል ላይ ተበተነ። እሱ ዳቦ መሬት ሲጥል አይታው አታውቅም። «ከእኔ ደንብሽ በለጠብሽ! እሺ፤ ከዛሬ ጀምሮ ወንድም የለሽም። እነዚያ የማታውቂያቸው ወንድም ይሁኑሽ።»

ጎንበስ ብላ የተበተነውን ዳቦ ለቅማ ጠረጴዛው ላይ አደረገችና ወጣች።

ለመጀመሪያ ጊዜ ነው እግሯ የት እንደሚሄድ ያላወቀችው። አውቶቡስ ፌርማታው ላይ ያለች አግዳሚ ላይ ቁጭ ብላ ስልኳን ከፈተች። ፖስቱን ጠቅ አድርጋ ያዘችው። «ይጥፋ?» ብሎ ስልኩ ጠየቃት። አውራ ጣቷ «አዎ» የሚለው ላይ ቆመ። ማን ያውቅባታል? ቢያውቅስ ማን ይፈርድባታል? እናት ሆና ያሳደገችው ወንድሟ ነው! ወዲያው ግን ፋርማሲ ያላት ጎረቤቷ ፊቷ ድቅን አለችባት። ያች ሴት ስለ ፋርማሲዋ የተለጠፈ ቅሬታ «አጥፊልኝ» ብላ እግሯ ላይ ልትወድቅ ምንም አልቀራትም ነበር። «ይጣራል እንጂ አይጠፋም» ብላ መልሳታለች። ተጣራ፣ ጥፋተኛም አልሆነች፣ ግን እስኪጣራ ድረስ ስንት ቀን ዓይኗ አብጦ እንደዋለ አይታለች። ለዚያች ሴት ያልሆነ እጅ ለወንድሜ ሊሆን ነው? አለች በልቧ። ስልኩን አጠፋችና ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። አልቅሳለች፤ ለምን እዋሻለሁ፣ መንገደኛው እያያት ነው ያለቀሰችው።

አልስማማም እስከዚያ ድረስ ሥራውን ጀምሮ ነበር። ሰበርን «ፎቶውን ማን አነሣው? መቼ? ከማን አገኘኸው?» ብሎ በአደባባይ ጠይቆታል። ሰበርም «ከሌላ ግሩፕ ነው ያገኘሁት፤ ግድግዳውን አይቼ ነው ያወቅኩት» ብሏል። ቀዩ «አልተረጋገጠም» ተለጠፈ። ከዚያ አልስማማም ድምፁ ጠፋ። ቤቷ ገብታ ስልኩን መልሳ ስትከፍት ከእሱ ምንም የለም። «ጊዜው ደረሰለት፤ ሲቃጠል ቁጭ ብሎ ይሞቃል» አለች።

ከሰዓት በኋላ የማታውቀው ቁጥር ደወለ።

«ማን ልበል?»

መጀመሪያ ጉሮሮ መጥረግ። ድምፅ አዋቂ አይደለች? ይሄ ክራባት ያሠረ ሰው ነው አለች።

«እ... አልስማማም ነኝ።»

በዚያ ሐዘን መሀል ሳቋ ሊያመልጣት ነበር። «ምን ልርዳዎት?»

«አንድ ነገር ልነግርዎት ነበር። ግን እንዳይስቁብኝ።»

«የምስቅበት ሁኔታ ላይ አይደለሁም።»

«ፎቶው የማንም ዳቦ ቤት አይደለም። ጌም ነው።»

«ምን አሉኝ?»

«ዳቦ ቤት የሚያስተዳድሩበት ጌም አለ። ዱቄት ይገዛሉ፣ ያቦካሉ፣ ይጋግራሉ፣ ደንበኛ ያስተናግዳሉ። መጋዘኑን ሳይዘጉ ከወጡ አይጥ ይገባል። ፎቶው በጣም ስለደበዘዘ ነው እውነተኛ የመሰለው። ጥግ ላይ ያለው ቢጫ ነገር አምፖል አይደለም፤ የደንበኛ ትዕግሥት መለኪያ ነው። ደንበኛው ሲሰለች ይቀላል።»

«እርስዎ ይሄን ሁሉ በምን አወቁ?»

ሰውየው በድጋሚ ጉሮሮውን ጠረገ።

«እኔም አይጥ ገብቶብኝ ያውቃል» አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

እትዬ ማዞሪያ ወንበሩን ስባ ተቀመጠች። «ታዲያ ምን ይጠብቃሉ? ይጻፉት እንጂ!»

«እኔ? እኔ እኮ የኢንሹራንስ ጉዳት ገማች ነኝ። የመሥሪያ ቤቴ ሰው ግማሹ እዚያ ግሩፕ ውስጥ ነው። የጌሙ ክፍል ይዘጋ እያልኩ ስጮህ የኖርኩት ደግሞ እኔው። እርስዎ ቢጽፉትስ? የእኔን ስም ሳያነሡ፣ እንዲሁ...»

ልትጽፈው ትችላለች። አሁኑኑ! ወንድሟ ይድናል፣ ይሄም ሰው አያፍርም። ግን ደግሞ፣ እሷ ናት የምትጽፈው።

«እኔ ወገን ነኝ» አለችው፣ እየመረራት። «ከእኔ አፍ ከወጣ ወንድሟን ልታድን ፈጠረችው ይሉኛል። ያኔ እውነቱም ውሸት ሆኖ ይቀራል። ፖስቱ የእርስዎ ነው። የሚያደርጉትን እርስዎ ያውቃሉ።»

«ሚስቴም አታውቅም እኮ።»

«አልለምንዎትም። ያወቁትን ነገሩኝ፣ እግዜር ይስጥልኝ» ብላ ዘጋችው። ዘግታም ስልኩን እንደያዘች ቀረች። ልለምነው ነበር? አለች ለራሷ። ለወንድሜ ስል እግሩ ላይ ልወድቅ ነበር? ሻይ አፈላች፤ አልጠጣችውም። የሰጣችውን ልብስ ሳይደርቅ አወረደችው።

በመጨረሻ ስልኩ ጮኸ።

«አልስማማም» ይላል ፖስቱ፣ እንደ ወትሮው። «ይህ ፎቶ የአረንጓዴ በር ዳቦ ቤት ነው በተባለው አልስማማም። ፎቶው ከጌም ላይ የተወሰደ ስክሪንሾት ነው። ይህን የማውቀው ጌሙን ራሴ ስለምጫወት ነው። ከጎኑ የራሴን ዳቦ ቤት አያይዣለሁ፤ ያው ግድግዳ፣ ያው መደርደሪያ፣ ያው የትዕግሥት መለኪያ። የእኔው ዳቦ ቤት አይጥ የለበትም፤ መጋዘኔን እዘጋለሁ። ስለ ጌም ክፍሉ እስከ ዛሬ የተናገርኩትን አንሥቻለሁ። ምልክቱ ‹ሐሰት› ተብሎ ተቀይሯል። ፖስቱ ግን አይጠፋም። ያየው ሁሉ መልሱንም ይይ።»

ግሩፑ ውስጥ ጉድ ፈላ! የጌሙ ክፍል ሕዝብ ግልብጥ ብሎ መጣ። «ጋሼ! ስንተኛው ደረጃ ደርሰዋል?» «ጋሼ፣ መጋዘን መዝጋቱን የሚያስታውስ ቁልፍ አለ እኮ!» ሰውየው ለዚህኛው ብቻ ነው የመለሰው። «የት?» አለ፣ ከልቡ።

ሰበርም ወጣ። «ተሳስቻለሁ። ግድግዳው ሰማያዊ ሲሆንብኝ ያው መሰለኝ። ነገ ጠዋት ሄጄ ፊት ለፊት ይቅርታ እጠይቃለሁ።» እውነትም ሄደ፤ ታክሲውን በሩ ላይ አቁሞ፣ ኮፍያውን አውልቆ። ወሬው በየግሩፑ የዞረውም በዚያው ፖስት ሊንክ ስለነበር፣ የከፈተው ሁሉ መጀመሪያ የሚያየው «ሐሰት» የሚለውን ሆነ። «አይታችኋል? አይጡ የጌም ነው!» እያለ ሰው እየሣቀ መልሶ አዳረሰው። የመዋዕለ ሕፃናቱ ኃላፊም ደውላ ዳቦዋን አዘዘች።

እትዬ ማዞሪያ ግን ወደ ዳቦ ቤቱ አልሄደችም። ወንድም የለሽም ከተባለች በኋላ በየትኛው እግሯ ትሂድ? ዳቦ ቤቱ ለሰው ሁሉ ዳቦ ሲሸጥ እሷ ደረቅ ብስኩት በሻይ እየነከረች ሰነበተች። በመጨረሻ ወንድሟ ራሱ መጣ። በሩ ላይ ቆሞ ጫማውን ያያል፤ ልጅ ሆኖ ሲያጠፋ እንዲያው ነበር የሚያደርገው።

«ግባ እንጂ፤ ምን ይገትርሃል?»

ገባ። ተቀመጠ። ጣቶቹን እርስ በርስ ሲያፋትግ ቆየ።

«ብታጠፊው ኖሮስ ምን ይሆን ነበር?» አላት።

«ፎቶው በየሰው ስልክ ይቀር ነበር። መልሱ ግን የሚያርፍበት አይኖረውም። ‹እህቱ አጠፋችው› ይባላል፤ አበቃ። ዕድሜ ልክህን አይጥ ያለበት ዳቦ ቤት ባለቤት ትባላለህ።»

«ያኔ ለምን እንዲህ ብለሽ አልነገርሽኝም?»

«ያኔ አላወቅኩማ! ምን እንደሚመጣ አላወቅኩም። እጄ ብቻ እምቢ አለኝ።»

ቀና ብሎ አያት። «ያን ቀን የተናገርኩሽ...»

«ተወው፣ በቃ።»

«አልተወውም። በእናቴ ቦታ ላለሽው ሴት ነው ወንድም የለሽም ያልኩት።» ከዚህ በላይ መናገር አልሆነለትም፤ ስልኩን አውጥቶ ወደ እሷ ገፋው። «እስቲ አስገቢኝ እዚያ ጉድሽ ውስጥ።»

እንባዋን ላለማሳየት ስልኩን ተቀብላ መነጽሯን ፈለገች። መነጽሯ አናቷ ላይ ነበር።

ወራት አለፉ። ወንድሟ በ«አደባባይ» አንድም ቃል ሳይጽፍ ዝም ብሎ ያነባል። እሷም አልጠየቀችውም። አንድ ቀን እንግዲህ አንዲት እናት ፎቶ ለጠፈች። ፎቶው ጥርት ያለ ነው፤ የጌም የሚባል ነገር የለበትም። መሀሉ የተፈለቀቀ ዳቦ፣ ከውስጡ ደግሞ የዱቄት ጆንያ ክር ተንጠልጥሏል። «ከአረንጓዴ በር ዳቦ ቤት ዛሬ ጠዋት የገዛሁት ነው። የልጄ ጉሮሮ ላይ ሊሰነቀር ነበር» ብላለች።

እትዬ ማዞሪያ ዳቦውን ከአቆራረጡ አወቀችው። የወንድሟ ነው፤ ጥርጥር የለውም። «ይህ ዳቦ ቤት የወንድሜ ነው፤ አድሚኑ አልስማማም ነው» ብላ ጻፈችና ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ አፈጠጠችበት። አሁን ይደውላል አለች። አሁን «እትዬ፣ ይቺን አንድ ጊዜ ብቻ» ይለኛል። ያኔ ምን ልለው ነው? ውሸት ሆኖ እንኳ እንደዚያ አደረገኝ፣ ይሄ እውነት ነው።

ስልኩ አልጮኸም። ብልጭ ብቻ አለ። አዲስ ኮመንት ነው፤ ጸሐፊው በግሩፑ አንድም ቃል ጽፎ የማያውቅ ሰው።

«ዳቦው የእኔ ነው። ክሩም ከእኔ ጆንያ የወጣ ነው። ዱቄቱን ሳልነፋው አቡክቼዋለሁ፤ ቸኩዬ ነው፣ ምክንያት አይሆነኝም። እመቤቴ፣ ልጅዎን እግዜር አተረፈልኝ፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ዛሬ ጠዋት ከእኔ የገዛችሁ ሁሉ ዳቦውን መልሳችሁ አምጡ። አድሚን፣ ፖስቱ እንዳይጠፋ።»

አነበበችው። መነጽሯን ጠርጋ ደግማ አነበበችው። ከዚያ ማንም በሌለበት ቤት ጮክ ብላ አነበበችው።

ጫማዋን አድርጋ ወጣች። ሌላ ጊዜ በኋላ በር ነው የምትገባው፤ ያን ቀን ግን እንደማንኛውም ሰው ከፊት ለፊት ተሰለፈች። ዳቦ ሊመልሱ የመጡ አሉ፤ ሊገዙ የመጡም አሉ። ከፊቷ የቆመች አንዲት ሴት ዘወር ብላ «ክር የተገኘበት ዳቦ ቤት ይሄ ነው አይደል?» አለቻት።

«ይሄ ነው።»

«እኔ ከዚህ ገዝቼ አላውቅም። ራሱ ያመነውን ሳነብ ነው የመጣሁት። ይገርማል እኮ! ልካድ ቢል ማን ያውቅበታል? ከየት ነው እንዲህ ያለ ሰው የተገኘው?»

እትዬ ማዞሪያ በሰው ትከሻ ላይ አሻግራ አየችው። ክንዱ በዱቄት ነጥቷል፤ ለአንዷ እናት ዳቦ ሲቀይርላት እጅ እየነሣ ነው። አላያትም።

«ያሳደግኩት እኔ ነኝ» አለች፣ ሰልፉ ሁሉ እንዲሰማት ጮክ ብላ።